ዓሣዬ ምን ነካው? የትልልቅ ዓሣዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ምን እንደነካው ያልታወቀ ትልቅ ዓሣ ያላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጉድ ነው የመጣብኝ! ኦስካር፣ ጎልድፊሽ፣ አሮዋና፣ ሁሉም ታሟል። የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ቤቴ ውስጥ ትልልቅ ዓሣ ሳረባ ብዙ ዓመት የሆነኝ፣ ብዙም የገደልኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ ጋሼ፣ 4 ዓመት የሆነው ኦስካር አለኝ። 30 ሴንቲ ገደማ ይሆናል፣ ገንዳው 200 ሊትር ነው። ከ10 ቀን ወዲህ መብላት አቁሟል። ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቁስል የለው፣ ነጥብ የለው። ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቼ 4 ፍሬ በጠበጥኩለት። ውሃው ሻይ መሰለ፣ እሱም ባሰበት። ሌላ ምን ልጨምርለት?

መልስ፦ በናትህ ምንም አትጨምር። ቴትራሳይክሊን ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ሻይ የመሰለው ለዚያ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ውስጥ ደግሞ ከነሱ ጋር ይያያዝና ለዓሣው ብዙም አይደርሰውም። ፊልተሩ (ውሃ ማጣሪያው) ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ሊጎዳ ይችላል።

እንዲህ ያለ ምልክት የሌለው ህመም ሲያጋጥመኝ ዓሣውን ከማየቴ በፊት ውሃውን እለካለሁ። አራት ነገር ለካ፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)። ዓሣ አሞኒያን በስንጥቡ፣ ማለትም በጎን መተንፈሻው፣ ያስወጣል። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ መርዝ ናቸው፣ ንባባቸው ዜሮ መሆን አለበት። ለክተህ ተመለስ።

ያው ጠያቂ፣ በማግስቱ፦ አሞኒያ 2፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት የመለኪያው ቀለም የመጨረሻው ደማቅ ቀይ። ፒኤች 6 ነው፣ መለኪያዬ ከዚያ በታች አያሳይም። የቧንቧው ውሃ ግን ወደ 8 ይጠጋል። እሁድ ግማሹን ውሃ ልቀይርለት ነው።

መልስ፦ ግማሹን እንዳትቀይር! እንኳን ቀድመህ ነገርከኝ።

የገባኝን ልንገርህ። ገንዳው ለዚህ ዓሣ ጠቦታል፣ ውሃውም በበቂ አልተቀየረም። አሲድ እየተጠራቀመ ሄደና አሲዱን የሚያለዝበው ካርቦኔት አለቀ። ያኔ ፒኤቹ ተንዶ ወረደ። ፒኤች 6 አካባቢ ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ አሞኒያውም ይከማቻል።

ታዲያ ዓሣህ እስካሁን ለምን አልሞተም? አሞኒያ ሁለት መልክ አለው። ፒኤች 6 ላይ አብዛኛው አሞኒየም የሚባለው የማይጎዳው ነው፤ መርዛማው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ሲደርስ ግን ከመቶ 5 ያልፋል። ግማሹን ውሃ በአንዴ ብትቀይር አሞኒያው በግማሽ ይቀንሳል፣ ፒኤቹ ግን ይዘላል፣ መርዙም ከነበረው ብዙ እጥፍ ይሆናል። «ውሃ ቀየርኩለትና ሞተ» የሚሉ ሰዎች ታሪክ አብዛኛው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ውሃ መቀየር ይፈራል፣ ነገሩም ይብስበታል።

እንዲህ አድርግ። ጠዋት 20 ሊትር፣ ማታ 20 ሊትር ቀይር። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተመጣጠነ ይሁን። ከእያንዳንዱ ቅያሪ በፊት ፒኤችና አሞኒያ ለካ። ፒኤቹ ቀስ ብሎ እየወጣ፣ አሞኒያው እየወረደ መሆን አለበት። አሞኒያን የሚያስር የውሃ ማከሚያ ካገኘህ ጨምርበት። ምግብ ለ4 ቀን አትስጠው። የዚህን ያህል ኦስካር ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም። ፊልተሩን አትንካው። ሲድን ደግሞ ቢያንስ 300 ሊትር ገንዳ ፈልግለት፤ ይሄኛው ቁም ሳጥን ውስጥ እንደመኖር ነው።

ያው ጠያቂ፣ ከ6 ቀን በኋላ፦ ጋሼ በላ! ፒኤች 7፣ አሞኒያ 0.25። ደስ ብሎኝ አንድ እፍኝ ሰጠሁት።

መልስ፦ እፍኝ? አንተን ነበር ማጾም። ባክቴሪያዎቹ ገና እያገገሙ ነው። ለሁለት ሳምንት በቀን 5 ፍሬ ይበቃዋል።

ጥያቄ (ከቦሌ)፦ ሁለቱ ትልልቅ ጎልድፊሾቼ ሌሊት ሌሊት ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው ያዛጋሉ። ቀን ደህና ናቸው። መለኪያው ሁሉ ንጹሕ ነው።

መልስ፦ አየር አጥሯቸዋል። ይሄን የውጭ አገር መጽሐፍ አይነግራችሁም፦ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ጠረፍ ያለ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ እኛ ጋ ከ6 ብዙም አያልፍም። ገንዳህ ውስጥ ተክል ካለ ደግሞ ብርሃን ሲጠፋ እሱም ኦክስጅን ተሻሚ ይሆናል። ብዙ ሰው ለጸጥታ ብሎ ማታ የአየር ፓምፑን ያጠፋል። አንተም እንዲያ ታደርጋለህ ብዬ እጠረጥራለሁ። አታጥፋው። የፊልተሩንም መውጫ ወደ ላይ አዙረው፣ የውሃው ፊት ይታመስ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ መብራት 9 ሰዓት ያህል ጠፍቶ መጣ። ትልቁ የውጭ ፊልተር ሲነሳ ጥቁር፣ የሚገማ ውሃ ተፋ። ጠዋት ፕሌኮዬ (መስታወት ላይ የሚለጠፈው ዓሣ) ሞቶ አገኘሁት። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ በሽታ አይደለም። ዝግ ፊልተር ውስጥ ውሃው ሲቆም ኦክስጅኑ ያልቃል። ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፣ ቆሻሻውም ይበሰብሳል። መብራት ሲመጣ ያ ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይገባል። መብራት ከጥቂት ሰዓት በላይ ከጠፋ ፊልተሩ መልሶ ከመነሳቱ በፊት ንቀለው፣ ያቆረውን ውሃ ድፋው፣ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ አለቅልቀህ መልሰው። በቧንቧ ውሃ አይደለም፣ በሳሙናማ ጭራሽ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዛ፤ እኛ አገር ከሂተር ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው። አሁን ለአንድ ሳምንት ናይትራይት ለካ። ከወጣ ዓሣው ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በ1 ሊትር 1 ግራም ጨው ጨምር፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱን ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክለዋል። ተራው የወጥ ቤት ጨው ይሆናል፣ አዮዲኑ አይጎዳም።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ወንድሜ፣ የምሠራበት ቤት ትልቅ አሮዋና አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና የነበረ ዓሣ ባለፈው ሐሙስ በድንገት መንቀጥቀጥ፣ ከመስታወቱ ጋር መላተም፣ ከዚያ መገልበጥ ጀመረ። በሁለት ሰዓት ሞተ። ጌታዬ «ምን አበላሽው» ይሉኛል። ውሃውን አስለኩ፣ ምንም የለበትም። ጥፋቱ የኔ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሰሞን ቤቱ ለበረሮ ወይም ለትንኝ ተረጭቷል?

ያቺው ጠያቂ፦ አዎ! ረቡዕ ማታ ሰው መጥቶ ሳሎኑን ሁሉ ረጨ።

መልስ፦ እንግዲያው በምግብ አታስቢው። የቤት ውስጥ ፀረ ተባይ ብዙ ጊዜ ፓይረትሮይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ለሰውና ለውሻ ብዙም አያሰጋም፣ ለዓሣ ግን በጣም ጥቂቱ ገዳይ ነው። የነርቭ መርዝ ስለሆነ የሚታየው ምልክት አንቺ ያልሽው ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ መላተም፣ መገልበጥ። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃ ውስጥ ስለሚነፋ መርዙን ራሱ ያስገባዋል። ተራው መለኪያ ደግሞ ይሄን አያሳይም። የተረጨው ምን እንደሆነ ከዕቃው ላይ ይነበብ እንጂ ከነገርሽኝ ተነስቼ ሌላ ነገር አይመስለኝም። ለጌታሽ ይሄን አሳያቸው።

እኔም ቤት ደርሷል። አንድ ክረምት ዝንብ በዛብኝ ብዬ ቆርቆሮውን አንስቼ ፉፍ አደረግሁ፣ ከገንዳው አጠገብ። 7 ዓመት ያሳደግኩት ዓሣ በዚያው ቀን ሄደ። ለሚስቴ «በሽታ ነው» አልኳት። አሁን ስታነበው ታውቀው።

መረጨቱ የግድ ከሆነ ገንዳው በላስቲክ ይሸፈን፣ የአየር ፓምፑ ይጥፋ፣ ቤቱ ተናፍሶ እስኪያበቃ አይነሳ። ትልቅ ዓሣ ያለበት ገንዳ ግን ያለ አየር ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ያ ክፍል ባይረጭ ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ጎልድፊሽ፣ ያቺ ክብ ክብ የምትለዋ፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ትንሳፈፋለች። ግን ትበላለች።

መልስ፦ እማማ፣ ከበላች ተስፋ አላት። ክብ ጎልድፊሾች ሰው ለመልክ ብሎ ያሳጠራቸው ናቸው። ሆድ ዕቃቸው ተጨናንቆ ነው የሚኖረው። አንጀታቸው ሲሞላ የአየር ከረጢታቸውን፣ ውሃ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁበትን፣ ይጫነዋል። ሦስት ቀን ያጹሟት። ከዚያ የተቀቀለ አተር ልጣጩን አንስተው ትንሽ ትንሽ ይስጧት። ደረቁን ምግብ ከመስጠትዎ በፊት በውሃ ያርሱት። በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ከረጢቱ ራሱ ተጎድቷል ማለት ነው፤ አንዳንዷ እንዲያው ተገልብጣ ዓመታት ትኖራለች።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ጎልድፊሼ ጉንጩና የፊት ክንፉ ላይ ነጫጭ ነጥብ ወጣበት። የነጭ ነጥብ መድኃኒት ልጀምር ነው። ሴቷን ያሳድዳታል ደግሞ።

መልስ፦ መድኃኒቱን መልሰው! ዓሣህ አልታመመም፣ ሙሽራ ሆኗል። ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ በስንጥብ ክዳኑና በፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ያወጣል። እውነተኛው የነጭ ነጥብ በሽታ ገላውን፣ ጅራቱን፣ ሁሉንም ቦታ እንደ ጨው ይነሰነስበታል። ዓሣውም ከድንጋይ ጋር ይታከካል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የኦስካሬ ግንባር ላይ ጉድጓድ እየተቦረቦረ ነው። ይበላል፣ ግን ከስቷል፣ እዳሪው ነጭ ክር ይመስላል። ልጆቼ የሚሰጡት የበሬ ልብና ከሱቅ የሚገዙ ትናንሽ ጎልድፊሾች ነው።

መልስ፦ ክሳቱና ነጩ ክር አንጀት ውስጥ ያለ ባለ ጭራ ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ። ለሱ ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል። የሚበላ ዓሣ ከሆነ ውሃ ውስጥ ከመበጥበጥ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ቢሰጥ ይሻላል፤ መጠኑን በክብደቱ የዓሣ ሐኪም ያስላልህ፣ እናንተ ጋ አለ። የግንባሩን ጉድጓድ ግን መድኃኒት ብቻ አይደፍነውም። ናይትሬቱን በየሳምንቱ ውሃ በመቀየር አውርደው። የበሬ ልብ ይቅር፤ የከብት ስብ በዓሣ ጉበት ላይ ይጠራቀማል። ጎልድፊሹም ይቅር፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለበት፣ በሽታም ይዞ ይመጣል። በጥሩ ደረቅ ምግብ፣ በሽሪምፕና በትል አሳድገው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ይቀራል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዓሣዬ አበጠ፣ ቅርፊቱ ሁሉ ተነቅሎ ቆመ፣ እንደ ጥድ ፍሬ ሆነ። ምን ያድነዋል?

መልስ፦ አላታልልህም፣ እዚህ ደረጃ የደረሰ አብዛኛው አይድንም። ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት አቅቶት ነው። ለብቻው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አድርገህ ለጥቂት ቀን ሞክር። መብላት ካቆመና ሚዛኑን ካጣ አታሠቃየው። የቅርንፉድ ዘይት በ1 ሊትር ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ መጀመሪያ በጠርሙስ ከሞቅ ያለ ውሃ ጋር በደንብ በጥብጠህ ጨምር። እንቅልፍ ወስዶት ይሄዳል። መተንፈስ ካቆመ በኋላ ግማሽ ሰዓት አቆየው። ሽንት ቤት አትድፋው፣ በሕይወት እያለማ በጭራሽ።

ጥያቄ፦ የሞተ ዓሣ ለምርመራ የት ይወሰዳል? ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

መልስ፦ ፍሪዘር ሥጋውን ያበላሸዋል፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አይተርፍም። ለሚቀጥለው በላስቲክ ጠቅልለህ፣ ያለ ውሃ፣ በረዶ ላይ አድርገህ በዚያው ቀን ውሰደው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ አስቀድመህ ጠይቅ። ከሞተው ይልቅ ገና የታመመው በሕይወት ቢደርስ ለመርማሪው የተሻለ ነው። ከገንዳው ውሃም አንድ ጠርሙስ ያዝ።

ጥያቄ፦ ገንዳ ሳጸዳ ጣቴ ተቧጭሮ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀይ እብጠት ወጣ፣ አልድን አለኝ። ዓሣዎቼም አንድ በአንድ እየከሱ ነው። ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ ነው። ዓሣን ያከሳል፣ ጀርባውን ያጣምማል። ወደ ሰው የሚገባው በቁስል በኩል ነው። የሚወደው ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እጅና ክንድ ላይ ይቀራል። ይድናል፣ ግን ለወራት መድኃኒት መውሰድ ይጠይቃል። እስከዚያ ገንዳው ውስጥ በባዶ እጅህ አትግባ፣ በአፍህም ቱቦ ስበህ ውሃ አታውጣ። ሐኪሙን «ዓሣ አረባለሁ» በለው። ካልነገርከው አይጠይቅህም፣ ተራ ቅባት ሰጥቶ ይሸኝሃል።