ስለ ጠብመንጃ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች የደህንነት ሥልጠና እሰጣለሁ። ያደግኩት ጎጃም ነው፤ ምንሽር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ በሚውልበት ቤት። ሰሞኑን እኛ አበሾች መሀል "መሣሪያ ይኑረን፣ አይኑረን" የሚል ክርክር ስለበዛ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የሕግ ባለሙያ እንዳልሆንኩ ግን ያዙልኝ።

ጋሼ፣ አንተ ከየትኛው ወገን ነህ? ይከልከል ነው ይፈቀድ?

ድሮ ብትጠይቀኝ ሳላቅማማ "ይፈቀድ" እልህ ነበር። መሣሪያ የሌለው ቤት ራቁቱን የቆመ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ፖለቲከኛ ሳይሆን ቁጥር ነው። በ2021 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰው በጠብመንጃ ሞቷል። ከእነዚህ 26,328ቱ በራሳቸው እጅ ነው የሞቱት። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እኛ ሌባ ይመጣል ብለን በር በሩን እናያለን፤ አደጋው አብሮን እራት ይበላል። አሁን የምለው ይህን ነው፦ የተመረመረና የሠለጠነ ሰው ይያዝ፣ ግን ይቆለፍበት። ቤት ውስጥ የከፋው ሰው ካለ ደግሞ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ።

የቆረጠ ሰው መንገድ አያጣም። ጠብመንጃው ምን አደረገ?

ይሄ ክርክር እኔንም ለረጅም ጊዜ አሳምኖኝ ነበር። ችግሩ፣ ያ ክፉ ስሜት ብዙ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ መሆኑ ነው። ሙከራ አድርገው ከተረፉት ሰዎች አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን አጥፍተው አይሞቱም። ጠብመንጃ ግን ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም።

የእስራኤልን ጦር ተመልከቱ። የኛ ልጆችም የሚያገለግሉበት ነው። በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ ትተው እንዲወጡ ተደረገ። ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በተለይ በሰንበት ቀናት። ልጆቹ ያው ናቸው፣ ጭንቀታቸውም ያው ነው። የተለወጠው መሣሪያው የሚያድርበት ቦታ ብቻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ካወቃችሁ 988 ደውሉ።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መግዛት እችላለሁ?

ትችላለህ። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ሱቅ ውስጥ 4473 የሚባል ፎርም ትሞላለህ። እዚያ ላይ መዋሸት ከባድ ወንጀል ነው። ዜጋ ሳትሆን "ዜጋ ነኝ" ብለህ እንዳትሞላ! ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ ሊባረር ይችላል። የጥገኝነት ጉዳይህ ገና ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃህን አማክር።

ጫት እቅማለሁ። ችግር አለው?

ይሄን ጥያቄ በሥልጠና ላይ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በእረፍት ሰዓት ጆሮዬ ላይ ነው የሚመጣው። ፎርሙ ሕገወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። መልሱን ለራስህ ትቼዋለሁ።

ታክሲ እነዳለሁ። የቨርጂኒያ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃዴ ሜሪላንድና ዲሲ ይሠራል?

አይሠራም። ድልድዩን ስትሻገር ሕጉም ይለወጣል።

ልጆቼ ጓደኛቸው ቤት ይሄዳሉ። "ጠብመንጃ አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንብኝም?

አይሆንም እህቴ። ውሻ አላችሁ ወይ ብለሽ ትጠይቂ የለ? "ካላችሁ የት ነው የሚቀመጠው? ይቆለፋል?" በያቸው። ደህና ባለቤት አይከፋውም።

ሥልጠና ላይ ሁልጊዜ የማደርገውን ልንገርሽ። ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ሽጉጥ ውስጥ አስገባና አቀባብላለሁ። ከዚያ ካርታውን (ጥይት የሚሞላበትን) አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። "አሁን ባዶ ነው?" ስላቸው ብዙዎቹ "አዎ" ይላሉ። የሽጉጡን የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስስበው ያቺ አንዷ ጥይት ተስፈንጥራ ወለል ላይ ትወድቃለች። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ትልልቅ ሰዎች የሚሸወዱበትን ነገር ልጅ እንዲያውቅ መጠበቅ አይሆንም።

አውስትራሊያ ሰብስባለች። አሜሪካ ለምን አትሰበስብም?

አውስትራሊያ በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ከተገደለ በኋላ 650,000 ገደማ መሣሪያ ከሕዝቡ ገዝታ አስወገደች። አሜሪካ ውስጥ ግን መሣሪያው ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብቱ ነው ብሏል። ስለዚህ "ሁሉም ይሰብሰብ" ማለት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2024 ደግሞ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የተነሳ የፍርድ ቤት እግድ ያለበትንና አደገኛ የተባለን ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል ብሎ 8 ለ1 ወስኗል። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ በኩል ነው።

አገር ቤትስ? መሣሪያ የሌለውን ሰው ማን ይጠብቀዋል?

አሜሪካ ተቀምጬ ለአገር ቤት ገበሬ "ክላሽህን ፍታ" ልለው አልችልም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁማ አለ፤ ቁጥር 1177/2012 (ይሄ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው)። ግን ሁሉም "መጀመሪያ ጎረቤቴ ይፍታ" ነው የሚለው፤ አይፈረድበትም። ያደግኩበት ቤት ምንሽርም ለሌባ የተቀመጠ አልነበረም፤ ደም ስለነበረብን ነው። ሽማግሌዎች ገብተው ከታረቅን በኋላም ከምሰሶው አልወረደም።

አንተ ራስህ ቤትህ ውስጥ አለህ?

አለኝ። ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ዘመዳችን ከባድ ጊዜ ገጥሞት እኛ ጋ ሲሰነብት ግን ፈቃድ ያለው ሱቅ ወስጄ አስቀመጥኩት። እንዲህ ዓይነት አደራ የሚቀበሉ ሱቆች አሉ። ሁሉም ስለማይቀበሉ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።