ማዳበሪያው እየጨመረ ምርቱ ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ «የማርሰው ጎዛምን ወረዳ ነው። በቀዩ መሬቴ ላይ ስንዴ፣ ጤፍና በቆሎ አፈራርቃለሁ። ማዳበሪያ በየዓመቱ ብጨምርም ምርቱ እያደር እየቀነሰ ነው። ጥፋቱ የማዳበሪያው ነው ወይስ የዘሩ?»

መልስ፦ የማዳበሪያውን መጠንም ሆነ የዘሩን ዓይነት አልገለጹልኝም፤ ሆኖም ከጠቀሷቸው ሰብሎች መካከል አንድም ጥራጥሬ የለም። ስለዚህ የምጠረጥረው ማዳበሪያውን ወይም ዘሩን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው። ሦስቱም ሰብልን የሚያለመልመውን ናይትሮጅን ከአፈር የሚወስዱ እንጂ እንደ ጥራጥሬ ከአየር ስበው የሚመልሱ አይደሉም፤ ገለባውና አገዳውም ለከብትና ለማገዶ ከማሳው ስለሚወጣ የአፈሩ ብስባሽ ይሟጠጣል፤ ብስባሽ ያነሰው አፈር ደግሞ የጨመሩለትን ዩሪያ ይዞ ስለማያቆይ የሐምሌ ዝናብ ያጥበዋል።

በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንዴ በሚዘራበት የሙከራ ማሳ፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ከሚዘራበት መደብ ይልቅ ከሌላ ሰብል በኋላ የሚዘራበት የተሻለ ምርት ይሰጣል።

እርስዎ በሚቀጥለው ክረምት የማሳዎን ሲሶ ግብጦ የተባለውን ጥራጥሬ ይዝሩበት። ባቄላን ያላስቀደምኩት በአሲዳማ ቀይ መሬት ላይ ያለ ኖራ ስለሚደክም ነው፤ ኖራው ደግሞ በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚጠይቅ በአፈር ምርመራ የሚወሰን ሌላ ወጪ ነው። ግብጦ ግን ለጎጃም አርሶ አደር እንግዳ አይደለም፤ ደካማ መሬት ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማረስን አይፈልግም፣ ከመምረሩ የተነሳ ልቅ የሚሰማሩ ከብቶች እንኳ በእርጥቡ አይደፍሩትም። ለምግብ የሚውለውን ፍሬ ግን ምሬቱ እስኪወጣ ድረስ በወራጅ ውኃ መዘፍዘፍ የግድ ነው።

በየማሳው የማየውን አንድ ልማድ ግን እባክዎ ይተዉት። ግብጦውንም ሆነ ሌላውን ጥራጥሬ ከነሥሩ ነቅሎ መሰብሰብ ለመሬቱ የታሰበውን ጥቅም ከማሳው አውጥቶ እንደመጣል ነውና በማጭድ ይጨዱት፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ፣ ቅጠሉም ይርገፍበት።

በዓመቱ ስንዴ ሲዘሩበት ዩሪያውን በአንዴ አይተዉ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟልና ግብጦው ምን ያህሉን እንደተካ ለማወቅ፣ ከግብጦው መደብ በጥቂቱ ላይ ዩሪያውን በግማሽ ቀንሰው በሌላው ላይ እንደ ወትሮው ይጨምሩና የሁለቱን ምርት ለየብቻ ይውቁ። ኤንፒኤሱን (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበትን ማዳበሪያ) ግን አይቀንሱ፤ ፎስፈረስን ከአየር የሚያመጣ ሰብል የለም።

ግብጦው ሲያብብ ሁለት ሦስት እግር በአካፋ ከነአፈሩ ያንሡና በሥሩ ላይ ያሉትን፣ ናይትሮጅን ከአየር የሚስቡ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸውን እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ቀላ ካለ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እየሠሩ አይደሉም፤ በአፈሩ ውስጥ ተስማሚው ባክቴሪያ ላይኖር ይችላልና፣ ለከርሞ ግብጦ ለምልሞ ከበቀለበት የጎረቤት ማሳ ጥቂት ቅርጫት አፈር አምጥተው በዘር ጊዜ በትነው ወዲያው ከአፈሩ ጋር ያዋሕዱት።