ሰባተኛ ፎቅ ላይ ውኃ ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ አጠገብ፣ በጂ ፕላስ 7 ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ዕቃው የተሟላ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ አግኝቻለሁ። ደላላው «ላክሸሪ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» እያለ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቀኛል። ባለቤቱ ውጭ አገር ስለሆነ የሚያከራየው ወንድሙ ነው። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ሶፋውንና ሴራሚኩን ለጊዜው ይርሱት፤ ከውኃው ይጀምሩ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ስለሆነና እርስዎም ከሥሩ ስለሚኖሩ ውኃው የሚበረታ ከመሰለዎት ተሸውደዋል። ውኃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 1 ባር ያህል ግፊት ይኖረዋል። ሮቶው ከሻወርዎ በላይ 2 ሜትር ብቻ ከሆነ የሚደርስዎት 0.2 ባር ነው፤ በዚህ ግፊት ብዙ የሻወር ሂተር አይነሳም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት ግን እንደ ልቡ ይታጠባል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሰው ቧንቧ በሚከፍትበት ሰዓት ይሂዱና ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሻወሩ ይሙሉ። ከ2 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ማን እንደሚገጥመው ውሉ ላይ ይጻፍ።

ዘበኛውን ደግሞ ለብቻው ያናግሩት። ሮቶዎቹ ስንት ሊትር ይይዛሉ? ስንት ቤት ይጠቀምባቸዋል? 10,000 ሊትር ለ20 ቤት ከሆነ ለእርስዎ 500 ሊትር ይደርስዎታል፤ በቀን 100 ሊትር ቢጠቀሙ አምስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የቦቴ ውኃ የሚያስመጣው ማነው?

«ጄኔሬተር አለ» ሲሉዎትም አይርኩ። አንዳንዱ ሊፍትና የመተላለፊያ መብራት ብቻ ያነሳል። ውኃውን ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ካልተያያዘበት መብራት በጠፋ ቁጥር ውኃው ይከተላል።

የብሬከር ሳጥኑን ይክፈቱ። ዋናው ላይ 25 (አምፔር ማለት ነው) ከተጻፈ በ220 ቮልት 5.5 ኪሎ ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ገደማ ይወስዳል፤ የ2 ኪሎ ዋት ቦይለር ሲጨመር ጣሪያው ደረሰ፤ ምድጃ ሲለኮስ ብሬከሩ ይወድቃል።

ለጅማ ክረምት ደግሞ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርገው ጀርባውን ያሽትቱ። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ከላይ ከስላቡ የሚሰርግ ውኃ እንዳለ ይጠርጥሩ።

ወንድምየው ውክልናውን ያሳይዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ ውክልና ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ይቻላል። ኪራዩን ግን በባለቤቱ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ።

ስድስት ወሩስ? የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ለደላላው ከመጥቀስዎ በፊት ከተማ አስተዳደሩን ይጠይቁ። በርክክቡ ዕለት የቆጣሪውን ንባብ፣ የዕቃዎቹን ዝርዝርና የተጫረውን ሁሉ ፎቶ አንስተው ከውሉ ጋር አያይዙ።