ጉድጓዱ ከአጥሩ ወዲያ ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ ቡሬ ላይ አነስተኛ የዘይት መጭመቂያ አለኝ፤ ጎረቤቴ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በእርሱ ግቢ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረን ወጪውን እኩል ከፈልን፤ ቧንቧው በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። የእርሱን ፍሩሽካና የእኔን ፋጉሎም በአንድ መኪና ጭነን ለከብት አድላቢዎች እንልካለን። የተፈራረምነው ነገር የለም። አሁን ፋብሪካውን ሊሸጥ ነው፤ ገዢው «የውሃውን ነገር አላውቅም» አለኝ። መብት አለኝ?

መልስ፦ እናንተ በአንድ ቃል የጨረሳችሁትን ሕጉ ለሁለት ይከፍለዋል።

የፍሩሽካውና የፋጉሎው ነገር ቀላል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1719 መሠረት ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። ቀሪ ሒሳብ ካለዎት የጭነት ደረሰኙም ሹፌሩም ማስረጃ ይሆኑልዎታል።

ጭንቁ ጉድጓዱ ነው። በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃ መውሰድ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚቋቋም የአገልግሎት መብት ነው። እንዲህ ያለው ውል በአንቀጽ 1723 በጽሑፍና አግባብ ባለው አስረጂ ፊት መደረግ አለበት። ይህ ካልተሟላ አንቀጽ 1720 የእናንተን ስምምነት ከረቂቅ አያሳልፈውም። ቢሟላ ኖሮ እንኳ ገዢውን ለመያዝ መብቱ መመዝገብ ነበረበት፤ በመርሕ ደረጃ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ብቻ ነውና። ስለዚህ ገዢውን አይቀየሙት።

ገንዘብዎ ግን ውሃ አልበላውም። አንቀጽ 2162 በሌላው ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው ኪሣራውን እንዲተካ ያስገድዳል። ጎረቤትዎ ጉድጓድ ያለው ግቢ በተሻለ ዋጋ ሲሸጥ ግማሹ ቁፋሮ የእርስዎ ነው። ለቁፋሮው፣ ለፓምፑና ለቧንቧው የከፈሉበትን ደረሰኝ ዛሬውኑ ይፈልጉ።

ቢሆንም ክስ ማስቀደም አልመክርም። ሽያጩ ገና አልተፈጸመም፤ ጎረቤትዎም የቁፋሮውን ግማሽ ቆጥሮ ከመመለስ መፈረም ይቀለዋል። ገዢው ባለበት ተቀመጡና ውሉን ጽፋችሁ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሙ፤ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤትም አስመዝግቡት። ፓምፑ ሲቃጠል ማን እንደሚያሠራ፣ የመብራቱን ማን እንደሚከፍል፣ በተለይም በሚያዝያ ውሃው ሲቀንስ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚቀዳ ጻፉት። ጎረቤታሞችን ፍርድ ቤት የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው።

የውሃ ፈቃዱንም ይመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው። ፈቃዱ በጎረቤትዎ ስም ብቻ ከወጣ የሁለታችሁ ፊርማ አይበቃም፤ ውሉን ከማስመዝገባችሁ በፊት ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ።

ጎረቤትዎ እምቢ ካለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት። ከዚያ ክሱን አቅርበው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ግን ስመ ሀብቱ ወደ ገዢው ከመዞሩ በፊት ያድርጉት።