«የዳነን ነገር ምን ያስቆፍርሻል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። በ39 ዓመቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ጨርሻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደኅና ነኝ። የአባቴ እኅት ግን በዚሁ በሽታ ገና በወጣትነቷ አርፋለች። አያቴም፣ የአባቴ እናት ማለት ነው፣ በማሕፀኗ አካባቢ በወጣ ዕጢ ነው የሞተችው ይባላል። ሐኪሜ ይህን ሲሰማ «አንቺም ቤተሰቦችሽም የዘረመል ምክር ብታገኙ ጥሩ ነው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «የዳነን ነገር ምን ያስቆፍርሻል? ስለቴን ቁልቢ አድርሻለሁ፤ ገብርኤልን አትጠራጠሪ» ትላለች። ጎረቤት «የዘር መርገም ነው» ብሎ ሲያወራም ሰምቻለሁ። ታናሽ እኅቴ ቀለበት አስራለች። ልሂድ ወይስ ልተወው? ለእሷስ ልንገራት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። እናትሽንም «እንኳን ስለትዎ ሰመረ» በይልኝ። የድሬ ሰው አንቱታ ስለማያበዛ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

አጭሩ መልስ፦ ሂጂ። ለእኅትሽም ንገሪያት።

ከጎረቤትሽ ወሬ ልጀምር፤ ምክንያቱም ከካንሰሩ ባልተናነሰ ሰው የሚያሳምመው እሱ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ላይ፣ አባቶች ጎምዛዛ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት ከእንግዲህ እንዳይተርቱ እግዚአብሔር ራሱ ሲከለክል ጽፏል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታ የሰጠውን መልስ ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ታገኚዋለሽ። እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም። ስለዚህ የአያትሽን ነፍስ ለሐሜት አትስጪ። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ ሁሉ መርገም ቢሆን የዓይናችን ቀለምና ቁመታችንም መርገም በሆነ ነበር።

ታዲያ የሚወርደው ምንድን ነው? አብዛኛው ካንሰር በዘር የሚመጣ አይደለም። በቀጥታ ከወላጅ በተወረሰ ዘረመል፣ ጂን በሚባለው፣ የሚነሣው ከ100 ታማሚ ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 እና በ1995 ተለይተው የታወቁ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉ ሁለት ዘረመሎች አሉ። ሁላችንም አሉን። ሥራቸው የተጎዳ ሴል እንዲጠገን ማገዝ ነው። ጉድለት ይዘው ሲወረሱ ግን ጥገናው ይዳከማል። ጉድለቱ ካለባቸው ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት በዕድሜያቸው የጡት ካንሰር ያገኛቸዋል። በኦቫሪ፣ በእንቁል ዕጢ ማለቴ ነው፣ የሚነሣው ካንሰርም አብሮ ይበረታል። ሐኪምሽ የአያትሽን ታሪክ ሲሰማ ጆሮውን ያቀናው ለዚህ ይመስለኛል። አንቺም ከ50 ዓመትሽ በፊት መታመምሽ ሌላው ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጡት በሽታ ከእናት ወገን ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። አባትም እኩል ያወርሳል። አንድም ቀን ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወንዶቹም ነጻ አይደሉም፤ በተለይ የብራካ 2 ጉድለት የፕሮስቴት፣ አንዳንዴም የወንድ ጡት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ወንድሞች ካሉሽ «ይሄ የሴት ጉዳይ ነው» ብለው እንዳያመልጡ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። እናትሽን አትቆጪያት። ያመነችውን አምና፣ የተሳለችውን አድርሳለች። ስሕተቱ ስለትን ከምርመራ ጋር ማጣላቱ ላይ ነው። ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢላት። ሐኪምን አክብር፣ እርሱን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እርሱ ነው ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። ኢሳይያስ ግን ያን ተናግሮ ዝም አላለም፤ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። በእኛ ዘመንም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን «ጸበል ጀምረናል» እያሉ መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የጸበሉ ጠርሙስ ከኪኒኑ ካርቶን ጎን ኮሞዲኖ ላይ ቢቀመጥ አይጣሉም።

«ገብርኤልን አትጠራጠሪ» ለሚለው ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ድሬዎች የ1998ቱን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ አንረሳውም። ሌሊት መጥቶ ስንቱን ከነመኝታው ወሰደ። ዝናቡ የወረደው ከላይ፣ ከደጋው ነበር። ዛሬ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ፣ ሰማዩ ሲጠቁር እዚህ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ልጆቹን ከወንዙ አሸዋ ላይ የሚሰበስብ አባት አምላኩን የተጠራጠረ አይባልም። ያንቺም ዝናብ አያትሽ ዘንድ ዘንቧል። ዮሴፍም የጥጋቡን 7 ዓመት እህል ያከማቸው ረሃቡ አስቀድሞ ስለተነገረው ነው። ተነግሮት ዝም ቢል ኖሮ ማን እምነት ይለው ነበር?

የዘረመል ምክር ስሙ ያስፈራል እንጂ አብዛኛው ጨዋታ ነው። ሰባት ቤት ቆጥረን የምናጋባ ሰዎች ነን፤ አማካሪው ሦስት ትውልድ ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። ወረቀት ላይ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን ይስላል። የታመመውን ያጠቁራል፣ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ያሰምራል። ማን በየትኛው ወገን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ታመመ፤ ይኸው ነው። ከዚያ ምርመራው ያስፈልግ እንደሆነና ውጤቱ ምን ሊል እንደሚችል ያስረዳሻል። የግድ ተመርመሪ አይልሽም። ከተስማማሽ ደም ወይም ምራቅ ይወሰዳል። መጀመሪያ የምትመረመሪውም፣ ከተቻለ፣ የታመምሽው አንቺ ነሽ፤ ጤነኛዋ እኅትሽ አይደለችም። ያንቺ ከታወቀ የእሷ ፍለጋ ቀላል ይሆናል። አንዳንዴ «ጎጂ ይሁን አይሁን ገና ያልለየ ለውጥ ነው» የሚል መልስም ይመጣል። እንደ ፍርድ አትቁጠሪው።

ጉድለት ቢገኝስ? ጉድለቱ ካንሰር አይደለም። ላልታመመው ሰው ክትትሉ ቶሎ ይጀመራል ማለት ነው። በኤምአርአይ መሣሪያ የሚደረግ የጡት ምርመራ ከ25 ዓመት፣ ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ ደግሞ ከ30 ዓመት አካባቢ ይመከራል። ለአንዳንዷ፣ በተለይ ወልዳ ለጨረሰች፣ ኦቫሪውን አስቀድሞ የማስወጣት ቀዶ ሕክምና ይነሣል። «መምህር፣ ይህ የፈጣሪን ሥራ ማበላሸት አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ሕይወት ለማዳን የሚደረግ ሕክምና ነው፤ ኃጢአት የለበትም። ግን ከባድ ውሳኔ ስለሆነ ከባልና ከንስሐ አባት ጋር ተመክሮበት ይወሰን።

የእኅትሽ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። የምትፈሪው ገብቶኛል፤ «ሰርጉ ቢፈርስስ?» ነው። ያንቺ ዘረመል ላይ ጉድለት ከተገኘና ከአባታችሁ ከመጣ፣ እሷ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። አለመውረስም ግማሽ ነው። ዝም ካልሻት ይህን የማወቅ ዕድል ትነፍጊያታለሽ፤ የአክስትሽም ዕጣ ሊደርሳት ይችላል። ስለዚህ ለብቻዋ ያዢያት። ቡና ላይ አይሁን፤ ጎረቤት አለ። እጮኛዋ ባለበትም አይሁን። «ሐኪሜ እንዲህ ብሎኛል፤ ብትፈልጊ አብሬሽ እሄዳለሁ» በያት። ባትፈልግ አታስገድጃት፤ ማወቅ አልፈልግም ማለት መብቷ ነው። ለእጮኛዋ የምትነግረውም ራሷ ናት፤ አንቺም እናታችሁም አይደላችሁም። እሱ ቢሰማና ቢሸሽ እኔ በበኩሌ ሰርጉ ቶሎ በመፍረሱ ደስ ይለኛል። ለጋብቻ የሚመጡ ወጣቶችን የኤችአይቪ ምርመራ አድርጉ ስንል የኖርነው ትዳር በእውነት ላይ እንዲቆም ብለን አይደለም እንዴ? የሟች አክስትሽ ልጆች ካሉም እነሱንም አስቢያቸው። ሕፃናት ግን ይቆዩ፤ ይህ ምርመራ ለአዋቂ ነው፣ አድገው ራሳቸው ይወስናሉ።

ለሌላው ሰው የመናገር ግዴታ የለብሽም። ማኅበር ላይም፣ ዕድር ላይም። የአማካሪው ክፍል እንደ ንስሐ ምሥጢር የሚጠበቅ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ሊሆን ይገባዋል። የሚያሾልክ ካጋጠመሽ ተናገሪ።

ስለ ቦታው፦ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል አለ፤ ወይም ያከመሽን ሐኪም ወዴት እንደሚልክሽ ጠይቂው። የዘረመል ምርመራው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ይወደዳል። ገንዘቡ ባይሞላ እንኳ ምክሩን አትተዪው። የቤተሰቡ ታሪክ ብቻውን እኅትሽ ክትትል መቼ መጀመር እንዳለባት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ከመሄድሽ በፊት የባዮፕሲ፣ ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረውን ናሙና ማለቴ ነው፣ ውጤትሽን ፈልጊ። የአክስትሽም ወረቀት በልጆቿ እጅ ካለ ኮፒ አድርጊው። ከአባትሽ ወገን በዕድሜ የገፉ ዘመድ ካሉ ደግሞ ደብተር ይዘሽ ሂጂና «አያቴ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር? ሆዷ አብጦ ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። እናትሽንም አስከትያት፤ እሷም የምታስታውሰው አይጠፋም።