«በሽማግሌ ጨርሱት» ቢሉኝስ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ደጋግሞ ይመታኛል። ባለፈው እሑድ ክንዴን ሰብሮኝ በጀሶ ታስሬያለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ «የቤታችሁ ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ተባልኩ። ከቤት ብወጣ ልጆቼንና ንብረቴን እንዳላጣ ፈራሁ። ምን ላድርግ? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተነገረዎት ስህተት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ያለ ጋብቻ አብሮት የሚኖረውን ሰው አካል ወይም አእምሮ የጎዳ ሰው በአካል ጉዳት አንቀጾች (555–560) እንደሚቀጣ በግልጽ ይናገራል።

ትልቁ ነገር ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደሚቀርብ ነው። በ555 ከባድ ጉዳት ከተባለ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ እርቅ ቢወርድም ዐቃቤ ሕግ ክሱን መቀጠል ይችላል። በ556 ንዑስ 1 ቀላል ጉዳት ከተባለ ግን ክሱ የሚነሳው በእርስዎ አቤቱታ ብቻ ነው፤ እሱንም በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለብዎት። አቤቱታውን ካነሱ መዝገቡ ይዘጋል። ብዙ መዝገብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፣ ሽማግሌ የሚበረታውም ለዚሁ ነው።

ከባድ ወይስ ቀላል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የሐኪም ማስረጃ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ «ወድቄ ነው» እንዳይሉ፤ ያ ቃል ካርድዎ ላይ ተጽፎ በኋላ ተከላካዩን ይጠቅማል። የትኛው አጥንት እንደተሰበረ፣ በምን እንደተመቱ፣ ክንዱ ወደ ቀድሞው ይመለስ እንደሆነ እንዲጻፍ ይጠይቁ። የራጅ ፊልሙን ያስቀምጡ። ሰንበር ቶሎ ስለሚጠፋ ዛሬውኑ ፎቶ ይነሱ። ጩኸት የሰማ ጎረቤት ካለ ስሙን ይያዙ።

ጣቢያው እንደገና ከመለሰዎት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ እንዲያነጋግርዎ ይጠይቁ፤ ካልሆነ በቀጥታ ወደ ክፍለ ከተማዎ ዐቃቤ ሕግ ይሂዱ።

ከቤት በመውጣትዎ ብቻ ንብረትዎን አያጡም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት በፍቺ ጊዜ እኩል ይከፈላል። በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት ደግሞ የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል። ከቤት የሚወጣው ማን እንደሆነ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣት ይበልጥ የሚጎዳውን ያያል። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶችን፣ የቤቱን ካርታ ኮፒ አስቀድመው ያውጡ።

የወንጀል ሕጉ ቀዳዳ አለበት። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ቃል ስለገደበው ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመውን አይሸፍንም፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ከባድ ጉድለት ነው። በዳዩ ወደ ተጎጂዋ እንዳይጠጋ የሚያግድ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝም በፌዴራል ሕጉ የለም። ስለዚህ ክሱን ከማቅረብዎ በፊት የሚያድሩበትን ቦታ ያዘጋጁ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።