ፋይሉን ከማስረከባችሁ በፊት ኮምፓይል አድርጉት

ማክሮ (በኤክሴል ውስጥ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ ኮድ) መጻፍ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

በኤክሴል አልትና ኤፍ 11ን ተጭናችሁ የቪቢኤ (ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ) መጻፊያውን ስትከፍቱ፣ «ዲበግ» በሚለው ሜኑ አናት ላይ «ኮምፓይል ቪቢኤ ፕሮጀክት» የምትል መስመር አለች። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ በኤፍ 5 እስከሄደለት ድረስ አይነካትም። እናንተ ግን ፋይሉ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ እዘዟት።

ሥራዋ ይህ ነው። የጻፋችሁትን ጽሑፍ አንብባ ፒኮድ ወደሚባል መካከለኛ ትእዛዝ ትለውጠዋለች። ለብቻው የሚከፈት ፕሮግራም አይወጣም፤ ፒኮዱ ከጽሑፉ ጋር እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ኮምፓይል ማድረግ ኮዳችሁን ከሰው ዓይን አይደብቅም፣ በፍጥነትም ረገድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ጥቅሙ ያለው ፍተሻው ላይ ነው።

«ኤክሴል ራሱ ያደርገው የለም ወይ?» ብትሉ፣ ያደርጋል፤ ግን እየቆነጠረ። «ቱልስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ጄነራል» ውስጥ ግቡ። «ኮምፓይል ኦን ዲማንድ» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ታገኙታላችሁ። ይህ ማለት አንድ ሞጁል (ኮድ የሚጻፍበት ገጽ) የሚፈተሸው ከውስጡ የሆነ ነገር ሲጠራ ነው። አምስት ሞጁል ጽፋችሁ የሞከራችሁት ሁለቱን ብቻ ከሆነ፣ በቀሩት ውስጥ የተረሳ «ኤንድ ኢፍ» (የ«ኢፍ» ሁኔታ መዝጊያ) ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ስህተቱ የሚወጣው ፋይሉን የተረከበው ሰው በወር መጨረሻ የሪፖርቱን በተን ሲጫን ነው። ከሜኑው ስታዙ ግን ሞጁሉም፣ ፎርሙም፣ ከሺቶቹ ጀርባ ያለው ኮድም አንድ ሳይቀር ይፈተሻል።

ስትጽፉ ቀይ ሆኖ የሚታየው መስመር ይበቃል ብላችሁ አትዘናጉ። ቀዩ የሚያየው የአንዲት መስመርን ሰዋስው ብቻ ነው። የተከፈተ «ኢፍ» መዘጋቱን፣ የጠራችሁት ፕሮሲጀር (ስም ያለው የኮድ ክፍል) መኖሩን፣ አንድ ስም ሁለት ጊዜ አለመሰጠቱን የሚያየው ኮምፓይል ነው። (በየስህተቱ ብቅ የሚለው መስኮት ካሰለቻችሁ «ኦቶ ሲንታክስ ቼክ»ን አጥፉት፤ ቀይ ቀለሙ ይቀራል፣ ንዝንዙ ይቆማል።)

ኮምፓይል የሚቆመው የመጀመሪያውን ስህተት ሲያገኝ ነው። አርሙና ደግማችሁ እዘዙ። «ተሳክቷል» የሚል መልእክት አትጠብቁ፤ ማለቁን የምታውቁት የሜኑዋ መስመር ደብዝዛ አልታዘዝ ስትል ነው። አንድ መስመር ከቀየራችሁ ትመለሳለች።

ይህ ሁሉ የሚረባው ግን በየሞጁሉ አናት «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» የምትል፣ ቫሪያብልን (ዋጋ የሚይዝ ስም) ሁሉ አስቀድማችሁ እንድታስታውቁ የምታስገድድ መስመር ካለች ነው። በደመወዝ ስሌት ላይ ግብሩን የያዘው ቫሪያብል ስም ከታች አንድ ፊደል ተዛብቶ ተጻፈ እንበል። ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት ከሌለ ቪቢኤ ሌላ ባዶ ቫሪያብል ፈጥሮ በሒሳብ ውስጥ እንደ 0 ይቆጥረዋል። ኮምፓይል ያልፋል፣ ማክሮውም ይሠራል፤ ሠራተኛው ግን ግብር ሳይቀነስበት ይከፈለዋል። ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት ካለ «ቫሪያብል ኖት ዲፋይንድ» ብሎ እዚያው ቃሉ ላይ ይቆማል። «ሪኳየር ቫሪያብል ዲክላሬሽን» የሚለው ምርጫ ይህችን መስመር የሚጨምረው በአዲስ ሞጁል ላይ ብቻ ነው፤ በድሮዎቹ ላይ በእጃችሁ ጻፉት።

ኮምፓይል የማያየውንም እወቁ። በኢንቲጀር (አነስተኛ ሙሉ ቁጥር በሚይዝ) ቫሪያብል ረድፍ ብትቆጥሩ ያልፋል፤ ሥራ ላይ ግን ከ32,767 ሲበልጥ በኤረር 6 ይቆማል። ሺቱ 1,048,576 ረድፍ አለውና ትልቅ ቁጥር የሚይዘውን ሎንግ ተጠቀሙ። ቫሪያብሉን በደፈናው «ኦብጀክት» ካላችሁት የማይኖር ሜተድ (በነገሩ ላይ የሚታዘዝ ተግባር) ብትጠሩበትም ዝም ይላል፤ ኤረር 438 የሚመጣው ሲሠራ ነው።

እኛን በተለይ የሚነካን የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የቪቢኤ መጻፊያው ዩኒኮድን (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን አሠራር) አይደግፍም፤ በተለመደው የዊንዶውስ አቀማመጥ በኮዱ ውስጥ «ደመወዝ» ብላችሁ ብትጽፉ አራት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። በጥቅስ ውስጥ ያለን ስም ኮምፓይል ከሺቶቹ ጋር አያስተያይም፤ ስለዚህ ያልፋል። ማክሮው ሲሄድ በዚያ ስም ሺት አጥቶ ኤረር 9 ያወጣል። መፍትሔው ሺቱን በኮድ ስሙ መጥራት ነው። በፕሮጀክቱ ዝርዝር ሺቱን ምረጡ፣ ኤፍ 4ን ተጫኑ፣ ከላይ በቅንፍ ውስጥ ባለው «ኔም» ላይ በላቲን ፊደል ስም ስጡት። ታቡ ላይ ያለው ስም አማርኛ ሆኖ ይቀጥላል፣ ቢቀየርም ኮዱ አይሰበርም፤ የኮድ ስሙን ከተሳሳታችሁ ደግሞ ኮምፓይል ይይዛችኋል። የአማርኛ መልእክት ከፈለጋችሁ በሴል ውስጥ አስቀምጡና ከዚያ አንብቡት፤ የምታሳዩት ግን በዩዘርፎርም ሌብል ይሁን፤ ሜሴጅ ቦክስ ያንኑ የጥያቄ ምልክት ነው የሚያወጣው።

በመጨረሻ፣ በእናንተ ኮምፒውተር ያለፈ ኮድ በሌላው ላይ ሊቆም ይችላል። «ሌፍት»ን ወይም «ዴት»ን በመሰለ ምንም ጥፋት በሌለበት ቃል ላይ «ካንት ፋይንድ ፕሮጀክት ኦር ላይብረሪ» ካለ፣ ጥፋቱ ያ ቃል አይደለም፤ ፕሮጀክቱ የሚመረኮዝበት አንድ ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) እዚያ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቶ ነው። «ሪሴት»ን ተጫኑ፤ አለዚያ «ሪፈረንስስ» ደብዝዞ አይከፈትላችሁም። ከዚያ በ«ቱልስ» ሥር ክፈቱትና «ሚሲንግ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ። ኮዱ ያንን ላይብረሪ በእርግጥ የሚጠቀም ከሆነ ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት። 64 ቢት ኦፊስ ላይ ደግሞ የውጭ ተግባርን የሚያስታውቅ «ዲክሌር» መስመር «ፒቲአር ሴፍ» የሚለው ቃል ከሌለው ኮምፓይል አያልፍም። ስለዚህ ከተቻለ ፋይሉ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ራሳችሁ ከፍታችሁ አንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርጉት።